የሰው ጓጉንቸር

መቀመጥ አይሆንልኝም። ትራም ውስጥ ወንበር ሞልቶ በር ላይ የምቆም፣ ሐኪም ቤት ተራዬ እስኪደርስ ኮሪደሩን የምመላለስ ሰው ነኝ። እናቴ «ጉንዳን የወረራት» ትለኝ ነበር። ሥራዬ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀርመን አገር፣ ማይን ወንዝ ላይ ከግድቦቹ በአንዱ አጠገብ፣ መርከቦች የሚተላለፉበትን ሽሎይዘ እጠግናለሁ። ሽሎይዘ ማለት በሁለቱም ጫፍ የብረት በር ያለው ረጅም የኮንክሪት ገንዳ ነው። መርከቡ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ መርከቡም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ገንዳው ለጥገና ሲደርቅ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ታች የሚወርድ ሠራተኛ ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር የበሩ ሞተር ማብሪያ ላይ ቆልፎ ነው የሚወርደው። አንድ ጓጉንቸር እንኳ ተንጠልጥሎ ከቀረ በሩ አይንቀሳቀስም። እያንዳንዱ የራሱን የሚያነሳው በራሱ እጅ፣ ያውም ከወጣ በኋላ ነው። የሰው ጓጉንቸር አይነካም።

እኔ ግን የሁለት ሰው አነሳ ነበር።

ጋሼ የምላቸው ኤርትራዊ ባልደረባዬ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታቸው ስድስት ወር የቀረው ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው አልቋል። ማብሪያው ደግሞ ከደረጃው ጫፍ ላይ ነው። ገና በጥገናው የመጀመሪያ ሳምንት «ይስጡኝ፣ እርስዎ አይድከሙ» ብዬ ቁልፋቸውን ተቀበልኳቸው። ጠዋት ሁለቱን እቆልፋለሁ፣ ሥራ ሲያልቅ ሁለቱን አነሳለሁ። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አባቴ የሚሆን ሰው እያነከሰ ደረጃ ሲወጣ ቆሜ ማየት ነውር ነበር የሚመስለኝ።

ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ የጥገናው የመጨረሻ ቀን ነው። ከላይ መርከቦች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አለቃችን፣ ማይስተሩ፣ ውሃ ከመግባቱ በፊት በሩን በደረቁ ከፍተን እንሞክረው አለና ሁላችንንም ከገንዳው አስወጣን። ጋሼ መሰላሉ ላይ እግራቸውን ሲያሳርፉ አየሁ። ያ በቃኝ። ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ የእኔን አነሳሁ፣ የእሳቸውንም አነሳሁ፣ ሁለቱንም ኪሴ ከተትኩ። ማይስተሩ «ሁሉም ወጥቷል?» ሲል እኔም ከሌሎቹ ጋር አንገቴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ የሉም።

መጮህ ነበረብኝ። ግን ብጮህ «ሰውየው ታች ከሆኑ ጓጉንቸራቸውን ማን አነሳው?» መባሉ አይቀርም። ጡረታቸው ስድስት ወር ሲቀረው ስማቸው ይጠፋል ብዬ ነው፣ አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው፤ የፈራሁት ለራሴ ነበር። እናም እየዞርኩ መፈለግ ጀመርኩ። የልብስ መቀየሪያውን ከፈትኩ። ሽንት ቤቱን አንኳኩቼ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ቀስ ብዬ «ጋሼ?» አልኩ። መኪናው ውስጥ አየሁ። ተመልሼ ያንኑ ሽንት ቤት እንደገና አንኳኳሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት እኔ፣ ባዶ ሽንት ቤት ደጃፍ ቆሜያለሁ።

ቢጫው መብራት መዞር ጀመረ፤ የማስጠንቀቂያው ጥሩምባም ጮኸ። ያኔ ጮህኩ፣ በአማርኛ። «አቁሙ! ሰው አለ! ሰው አለ!» ቃሉ የገባው የለም፤ ማይስተሩ ግን ፊቴን አይቶ ቀዩን ማቆሚያ መታው። በሩ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ቆመ።

በሩ እስከ መጨረሻው ቢከፈት ከሚደፍነው፣ በበሩና በግድግዳው መካከል ካለው ክፍተት መጀመሪያ የወጣው ባልዲ ነው። ቀጥለው ጋሼ። ገንዳው ሲደርቅ ዓሦቹን ለቅመን ወንዙ ውስጥ መልሰናቸው ነበር፤ እሳቸው ከበሩ ጀርባ ኩሬ ውስጥ የቀረ አንድ ዓሣ አይተው ከመሰላሉ ተመልሰዋል። ማይስተሩ ጓጉንቸሩን ማን እንዳነሳው ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ፤ አንስቼ ተመልሼ ወረድኩ» አሉ ጋሼ። እዚያው ከገንዳው ሥራ ታግደው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ጋሉስ ስንመለስ እሳቸው ትራሙ ውስጥ ተቀመጡ፣ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ሁለቱን ጓጉንቸሮች ያገላብጣል።

«ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው፣ በቁጣ።

«ምን ያደርጉኛል? ሬንቴ ደርሳለች፤ ጡረታ ልወጣ ነው። አንቺ ገና ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ? በሩ እንደሚከፈት እየሰሙ!»

«ቁልፌ አንቺ ጋ ነዋ። እኔ ሳልወጣ አታነሺውም ብዬ።»

ቀና ብለው አዩኝና «ታች መሆኔን መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ያንኳኳሁት የሽንት ቤት በር ፊቴ ድቅን አለ።

«ያኔውኑ፣ ጥሩምባው ሲጮህ» አልኩ። «እንዳወቅኩ ጮህኩ።»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ነፍሴን አተረፍሻት። ክፉ አይንካሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፣ እንዳሰብሽልኝ የሚያስብልሽ ይስጥሽ።»

«አሜን» አልኩ። ምርቃቱ አላለቀም ነበር፤ የእኔ ፌርማታ ሳይደርስ ወረድኩ።