የግራው ሞላ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። እጄ ጎማ ሲለጥፍ ዓይኔ ሥራ ስለሚፈታ ጎረቤቴን የሞተርሳይክል መካኒክ ከእናቱ ልጅ እኩል አውቀዋለሁ። ሰፈሩ «ቀስ በል» ይለዋል፤ ሞተር ሠርቶ ባስረከበ ቁጥር ባለቤቱን የሚሸኘው በዚህ ቃል ነው።

ሌላው መካኒክ ንዝረት የሚውጠውን የኋላ አሞርዛተር ሞላ ጠምዘዝ አድርጎ ያሰናብትሃል። እሱ ግን መጀመሪያ «ከኋላህ ማን ነው የሚቀመጠው?» ይላል። ብቻህን ከሆንክ ሞላዎቹን ያላላቸዋል፤ ሰው የምትጭን ከሆነ ያጠብቃቸዋል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነለት እንደገና ይፈታዋል፤ አንዱ ጠንክሮ አንዱ ከላላ መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ይከዳሃል። አንድ ነጋዴማ «ሚስትህ ስንት ኪሎ ናት?» ተብሎ ሊደባደብ ምንም አልቀረው።

ታናሽ እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው። አንድ ሞተረኛ አገባት፤ ያ እጁ ይቆረጥና፣ በዓመቱ የጎን አጥንቷን ሰበረው። አስታራቂ ገባ። አስታራቂው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ በቀበቶ ጀመራት። ወንድምየው ጥርሱን ነክሶ ይችላል፤ ቢጣላው ዱላው የሚብሰው እሷ ላይ ነዋ።

አንድ ጠዋት ባልየው ሞተሩን እየገፋ መጣ። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል።

«አማቼ፣ ይቺ ነገር ወገቤን ፈጀችው። ቁልቁለቱን ልወርድ ነው፣ ኋላዋን አስተካክልልኝ።»

«ከኋላህ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«ማንም። እህትህ እንደሆነች ዛሬ የምትነሳም አይመስለኝ» ብሎ ሳቀ።

ሲጋራ ሊገዛ ዞር እንዳለ ቀስ በል የቀኙን ሞላ እስከ መጨረሻው ጥርስ አጠበቀው። የግራውን ለቀቀው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እኔም ጎማዬን መለጠፌን ቀጠልኩ፤ ደግ አደረገ ነው ያልኩት።

ባልየው ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሳ እሷ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል።

«ዓይኔ አላይ አለኝ» አለች።

መንገደኛው ቆሞ አየ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አይደል፣ ባልየው ድምፁን አለሳለሰ። «ነይ ከኋላዬ ውጪ የኔ እመቤት፣ ክሊኒክ ላድርስሽ።»

ከኋላው ወጣች።

«ውረጂ!» አለ ቀስ በል።

«ሚስቴ ናት፣ ምን አገባህ!» ብሎ ባልየው ነዳጅ ሰጠ።

ቀስ በል ተወርውሮ እህቱን በወገቧ ጎተታት። አፈር ላይ ወደቁ፤ ሞተሩም በጎኑ ተጋደመ። ባልየው ተነስቶ በሄልሜቱ ቀስ በልን አፉን አለው፤ ጥርስና ደም ተፋ። ያኔ ቀስ በል የብረት መፍቻ ቁልፉን አነሳ። መጀመሪያ ክንዱን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ጭንቅላቱን። በቃኝ እያለ የሚለምነውን ሰውዬ እየደጋገመ መታው። ሦስት ሆነን ነው ጎትተን ያላቀቅነው።

«ግራውን አላልቼዋለሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ደሙ አገጩ ላይ እየወረደ። «ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር! አንቺ ወጣሽበት!»

ባሏ መሬት ላይ ያቃስታል፤ እሷ ዞር ብላም አላየችው። በደህናው ዓይኗ ወንድሟን አየችው።

«ውረጂ ከምትለኝ ዝም ብትል ምን ነበረበት ወንድምዬ?» አለችው። «እሱም ያርፍ፣ እኔም አርፍ ነበር።»