ያላደረስኩት መልስ

ዛሬ ጠዋት ከሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሁለት ድምፅ ይሰማ ነበር። አንዱ በአማርኛ ይናገራል፤ እሱ ዝም ሲል ሌላው በአኙዋክኛ ይቀበለዋል። አስተርጓሚዋ ልጅ እግር ናት። ሰባኪው ሲቸኩልባት ትንፋሿን ስትሰበስብ በማጉያው ይሰማል። በረንዳዬ ላይ ማንጎ እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ እዚያው መድረክ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከደጋ ተመድቦ ጋምቤላ የመጣ ነርስ ነበር። እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ አኙዋክኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ባሮ ወንዝ ውስጥ ስንቦራጨቅ ለመድኩት። ከእኔ በፊት የሚያስተረጉመው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበር። ሰባኪ «ጌታ ይወዳችኋል» ካለ፣ እሱ ስለ ራሱ ትዳር፣ ስለ ዝናቡ፣ ዘግይተው ስለሚመጡ አባላት ጨምሮበት ነው የሚያወርደው። ሰዉ በሳቅ ያልቃል፤ ሰባኪው «ምን አልኩ?» እያለ ግራ ይጋባል። በዚህ ምክንያት እኔ ተተካሁ። ሽማግሌው እጄን ጨብጦ «ተባረኪ ልጄ» አለኝ፤ ፈገግም አለ። ፈገግታውን ያኔም አላመንኩትም።

አንድ ሳምንት ከደጋ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ጉባኤ ይመራ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት የጎረቤታችንን የዓሣ ሻጯን ብቸኛ ልጅ፣ ባሮን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ ወንዝ ዳር ሆነ። ወንዶቹ በታንኳ ወደ ኢታንግ አቅጣጫ እየወረዱ ፈለጉ፤ ሴቶቹ ከእናትየው ጋር ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው፣ ሽማግሌው፣ እኔና ባዶ አግዳሚ ወንበር ቀረን።

«ሕዝቡ የት ሄደ?» አለ ሰባኪው።

«ሬሳ ፍለጋ ነዋ! ለጌታ ጊዜ የላቸውም» አለው ሽማግሌው። በኋላ «እኔ አላልኩም» ብሎ ክዷል። ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሑድ ሰዉ መጣ። ልጁ ሳይገኝ እናትየውም መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀቱ ይንጣጣል። ከቀሚሷ የወንዝና የዓሣ ሽታ ይመጣል፤ ጭቃው እግሯ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኔን ከዚያ ጭቃ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ሰባኪው፣ አባቱን ለመቅበር ጌታን ፈቃድ ስለጠየቀው ሰው ጀመረ። እየተከተልኩ ተረጎምኩ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጌታ ለዚያ ሰው ሙታንን ለሙታን ትቶ እንዲከተለው እንደነገረው ተናገረ። «እናንተ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሬሳ ስትጠብቁ ከረማችሁ!» ብሎም ጨመረ። ዞሮ ጠበቀኝ።

«እሺ እህቴ፣ ቀጥዪ» አለኝ። እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። እኔም በአኙዋክኛ፣ ጌታ ወዳጁ በሞተ ጊዜ መቃብሩ ዘንድ ቆሞ እንዳለቀሰ፣ ዛሬም ከእነሱ ጋር እንደሚያለቅስ ተናገርኩ።

ሴቶቹ በለቅሶ ፈነዱ። ሰባኪው የእሱ ቃል የነካቸው መስሎት «ሃሌ ሉያ!» አለ። እነሱ እናትየውን ደግፈው ወደ ወንዙ ይዘዋት ሲወጡ ሽማግሌው ብድግ አለ።

«ወንድም ሰባኪ፣ አንተ እንዲህ አላልክም! ይቺ ልጅ የእግዚአብሔርን ቃል ለወጠች!»

ምን እንዳልኩ አንድ በአንድ ነገረው። የሰባኪው ፊት ተለዋወጠ። «በመድረክ ላይ ትዋሻለሽ? ውረጂ!» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወረድኩ። ሽማግሌው ቀሚሴን እየታከከ አልፎ ቦታዬ ላይ ቆመ። ዕድሜውን በሰው ስብከት ላይ ሲጨምር የኖረ ሰው ነው ያስወረደኝ!

ስለዚያ ቃል ብዙ አስቤአለሁ። ጌታ የተናገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያየ። ሰውየው ከምን እንደሚሸሽ ያውቅ ነበር። ሌላ ጊዜ የአንዲት መበለት ልጅ ሬሳ ከከተማ ሲወጣ ሲያገኝ ግን ቀብሩን ትተሽ ተከተዪኝ አላላትም፤ ተሸካሚዎቹን አስቁሞ ልጇን መለሰላት። ሁለቱም የጌታ ናቸው። የኛ ሰባኪ ግን የሴትዮዋን እግር አላየም። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጸድቅ ኖርኩ።

ግን የሚቀጥለውንም ልናገር። በማግስቱ እናትየው ዘንድ ሄድኩ። አልዋሽም፤ ለመመስገን ነው የሄድኩት። ወንዙ ዳር ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ወሬውን ሰምታለች።

«ሰውየው ምን ነበር ያለው?»

ነገርኳት።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነዋ።»

«እንዳላዝን?» ሳቀች፤ ሳቋ አስፈራኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አፍ የለኝም? ብሰማው ተነሥቼ እመልስለት ነበር። እኔ የምቀብረው መቼ አገኘሁ? መቅበር ለእኔ ምኞት ነው በይው። በቋንቋው ንገሪልኝ። ደግሞ እንዳትለውጪው!»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ሰባኪው በጠዋት ተነሥቶ ወደ ደጋ መውጣቱን የግቢው ዘበኛ ነገረኝ። እናትየውም ብዙ ሳትቆይ ፑኝዶ ወዳሉት ዘመዶቿ ሄደች፤ እዚያው ሞተች ሲሉ ሰማሁ። ሽማግሌውም ሞቷል። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ይቅር ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ባለፈው ዓመት ሰባኪው ሸምግሎ፣ በሰው ተደግፎ መጣ። ከስብከቱ በኋላ ግቢው ውስጥ አግኝቶኝ «ያቺ አስተርጓሚዬ!» ብሎ ሁለት እጄን ያዘኝ። ያን ጊዜ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። በሰው ፊት ውሸታም እንዳለኝ፣ መዘምራን እንኳ እንዳልተቀበሉኝ፣ አባቴ አንድ ወር ሙሉ እንዳላናገረኝ። ምንም አላስቀረሁም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ አለቀሰም።

«አላስታውሰውም እህቴ። ግን ይቅር በዪኝ» አለ።

ይቅር አልኩት። ከልቤ ይሁን ከአፌ አላውቅም፤ ብቻ ቀለለኝ። እየዘመርኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጫማዬን ሳወልቅ ነው ትዝ ያለኝ። ስለ ራሴ ብቻ ነበር ያወራሁት። ያንን የእሷን ቃል ስንት ዓመት በአማርኛ ሳሰናዳው፣ ሳሳጥረው፣ ሳስተካክለው ኖሬ፣ ሰውየው ፊቴ ቆሞ እጄን ይዞ እያለ አላልኩትም። ልጆቼን ስልክ አስደወልኩ፤ በከሰዓቱ አውሮፕላን ሄዷል አሉን። ከጥቂት ወር በኋላ ማረፉን ሰማን።

አሁን ስጸልይ አንዳንዴ ለጌታ እነግረዋለሁ። የምቀብረው መቼ አገኘሁ ብላለች፣ መቅበር ለእኔ ምኞት ነው ብላለች እለዋለሁ፤ በአኙዋክኛ፣ ራሷ እንዳለችው፣ ምንም ሳልለውጥ።