እትዬ ባየሽ ሐኪም የሆኑበት ዓመት

እትዬ ባየሽ ፌደራል ዌይ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የአንዲት የዘጠና ዓመት ፈረንጅ አሮጊት አስታማሚ ነበሩ። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት የማታልፈው አንድ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ነበራት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከስልሳ ዓመት በፊት የተሠራ፣ ስለ አእምሮ ሐኪሞች። ሐኪሙ መልከ መልካም ነው። ሲጋራውን እያጨሰ "ስለ እናትሽ ንገሪኝ" ይላል፤ በሽተኛዋ ታለቅሳለች፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ትድናለች። እትዬ ባየሽ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው አዩና እሳቸውም ሐኪም ሆኑ።

መጀመሪያ የታከሙት ባላቸው ጋሽ በዛብህ ናቸው። ከሥራ ገብተው ዝም ብለው ራታቸውን ሲበሉ፣ "ልጅነትህ ላይ የታመቀ ነገር አለ" አሏቸው።

"የታመቀው ረሃብ ነው፤ ወጥ ጨምሪልኝ።"

"አየህ? ይሄ መካድ ይባላል።"

ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞሩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ስብሰባ የሚያስረዝመው አባቱ አቅፎት ስለማያውቅ መሆኑን ደረሱበት። ሰዉ ወደደላቸው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ ወንበር ስበው ሲቀመጡ በተራ እየቀረበ "የእኔስ ምንድን ነው?" ይላል። "ዲፕሬሽን አለብህ" የተባለ ሰው፣ ኮሌጅ እንደጨረሰ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይወጣ ነበር።

አንድ እሑድ ሽቱ የምትባል ወጣት እናት መጣች። ጎረቤት ከተማ ቱክዊላ፣ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ከወለደች አራት ወሯ ነው።

"እትዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን ሳያት የሌላ ሰው ልጅ ትመስለኛለች።"

"ስለ እናትሽ ንገሪኝ።"

"እናቴማ ደግ ናት።"

"እሱ ነዋ ችግሩ! አልቅሺ፣ ይወጣልሻል።"

ሽቱ አለቀሰች። ሰዓቱ ሞላ፤ አልዳነችም። ረቡዕ ደውላ "ልጄ ያለ እኔ ይሻላታል" ስትላቸው፣ እትዬ ባየሽ ድራማው ላይ መልሱን አጡት። ደግነቱ መደንገጥ አልረሱም። መኪናቸውን አስነስተው በረሩ፤ ሽቱን ከነሕፃኗ ይዘው ድንገተኛ ክፍል ገቡ።

የተረኛዋ ሐኪም ስኒከር ያደረገች ወጣት ናት፤ ሲጋራም የላትም። ሽቱን መጠየቅ ስትጀምር እትዬ ባየሽ ተሽቀዳድመው "ነገሩ ከእናቷ ነው" አሉ። ሐኪሟ በትሕትና በሩን አሳየቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ሕፃኗን አቅፈው አራት ሰዓት ተቀመጡ፤ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ሳይመረምሩ።

ሽቱ መድኃኒት ታዘዘላት፤ በየሳምንቱ የምታነጋግራት ባለሙያም ተመደበችላት። ስድስት ወር ፈጀ። እንደ ድራማው ሙዚቃ የለውም፤ አንድ ቀን ይሻላታል፣ በማግስቱ ይብሳታል፣ እንዲህ እያለች ዳነች።

ወሬው ግን ቀድሟት ነበር። "ሽቱ አበደች አሉ፤ ኪኒን ትውጣለች።" አዳራሹ ጥግ በነጻ በሽታ ተቀብሎ የሄደው ሁሉ ከእሷ አጠገብ መቀመጥ ፈራ። አንዷ ይባስ ብላ "ልጇንስ ማን አምኖ ይተውላታል?" ስትል እትዬ ባየሽ ሰሟት።

"አምና ላንቺም ይህንኑ በሽታ ሰጥቼሽ፣ ምርቃት መስሎሽ አሜን ብለሽ ሄድሽ" አሏት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ምርመራ ጠይቋቸው አያውቅም። ሽቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇን እሳቸው ዘንድ ትታ ወደ ቀጠሮዋ ትሄዳለች።