ላልቀመስኩት ዶሮ ሰማንያ ስግደት

ላልቀመስኩት ዶሮ ሰግጃለሁ። ይህ በደል ይጻፍልኝ። ዶሮው የተበላው ፈረንሳይ አገር፣ በጽጌ ጾም ነው። የበላችው ታላቅ እህቴ ናት። ቅጣቱ የወረደው ግን በሁለታችንም ላይ ነው፤ እንዲያውም በእኔ ላይ በእጥፍ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ ቅጠል በቅጠል የተነባበረ ዳቦ በካርቶን ይዛልኝ መጣች። መጥበሻ ላይ ጣል አድርጋ ስታሞቀው ቤቱ በቅቤ ሽታ ተሞላ። የእኛ ቅቤ አይደለም፤ ኮረሪማ የለው፣ ጭስ የለው። ለጋ ነው፣ ወተት ወተት ይላል። እንዝርቴ ከእጄ ላይ ቆመ።

«ምነው እምዬ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ምንም አልነበረም እንዴ! ሆዴ ውስጥ ተኝታ የከረመች ቅናት ነበረች ብድግ ያለችው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እኔና እህቴ የበግ ፀጉር እንፈትል ነበር፤ አባታችን ደግሞ ይሸምነውና ባና ያደርገዋል፤ የመንዝን ብርድ የምንመክትበትን ያንን ወፍራም የሱፍ ልብስ። አንዲት የእጅ ሥራ የምታጠና ፈረንሳዊት ወደ ቀያችን መጥታ ከረመች። ስትሄድ፣ በአገሯ በሚደረግ ትርኢት ላይ እየፈተልን እንድናሳይ ሁለታችንን ይዛ ለመሄድ ጠየቀች። አባታችን እምቢ አለ። ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ ማን አይቷል? አስታራቂ ሆነው የገቡት የነፍስ አባታችን ናቸው።

«ጽጌን እንጾማለን ብለው ቃል ይግቡ» አሉ። «እመቤታችን ወስዳ ትመልሳቸዋለች።»

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የወደደ ይጾመዋል፣ ያልወደደ ቢተወው የሚጠይቀው የለም። ቃል ከገቡ ወዲያ ግን ቃል ነው። መስቀል ተሳልመን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣም ቢሆን ላንቀምስ ቃል ገባን። አብረን ገባን። እናንተ ፈራጆች ናችሁና ይህችን አትርሱብኝ።

የሄድንበት ከተማ ወንዝ ለሁለት የሚከፍለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ከውኃው ላይ ይነሣል፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን እያራገፉ መንገዱ ሁሉ ቢጫ ነበር። ሰዎቹ የሚበሉበት ቤት ብዛቱ! ከየበሩ የሽንኩርት፣ የወይን ጠጅ፣ የሚጋገር ዳቦ ሽታ ይወጣል። ዳቦው እንደ ዱላ የረዘመ ነው፤ በብብት ይዘውት ይሄዳሉ። ሲቆርሱት እንደ ደረቅ ጭራሮ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን እንደ ባዘቶ ነው። መንገድ ዳር ደግሞ ቡናማ ፍሬ በከሰል እየጠበሱ በወረቀት ይሸጣሉ። ትኩሱን ልጠን እንበላው ነበር፤ ድንችም ይመስላል፣ ለውዝም ይመስላል። በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እኔና እህቴ ከአንድ ወረቀት እየዘገንን፣ ጣታችን ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ፣ እንደ ሕፃን እየሳቅን በላን። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ፈረንሳዊቷ ምሳ ልትጋብዘን አንድ ምግብ ቤት ወሰደችን። ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው መስተዋት፣ ወንበሩ ቀይ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ። ሥጋ እንደማልበላ ስትነግራቸው ዓሣ አመጡልኝ። መለስኩ። እንቁላል አመጡ። መለስኩ። አይብ አመጡ፤ የአውራ ፍየል ሽታ አለው፣ እሱንስ ፍስክም ቢሆን እመልሰው ነበር። በመጨረሻ ራሱ ወጥ ሠሪው፣ ሆዱ በሩን የሚሞላ ሰውዬ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሳህን ይዞ ወጣ። ምስር! የአገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ማንኪያዬን ሰደድ ሳደርግ ግን ከምስሩ ሥር የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ብቅ አለ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሰውዬው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። በእኔ የተነሣ እንጀራውን የሚያጣ መስሎት እንደሆን እንጃ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እህቴ ፊት ያልመለሰችው ዶሮ ተቀምጧል። የእኛ ዶሮ ወጥ ዓይነት አይደለም። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ አድሮ፣ ከሙሉ ሽንኩርት ጋር ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። መረቁ እንደ ወለላ ያብለጨልጫል። አየችው፤ ደግማ አየችው። ከዚያ ጭኑን በሁለት ጣቷ አነሣች።

«እትዬ!» አልኳት። «ቃላችንስ?»

«ዝም በይ እስቲ።»

«እመቤታችን እዚህ አገር የለችም ብለሽ ነው?»

«አለች እንጂ» አለችና ጎረሰች። «እሷ እንዳንቺ ጨካኝ አይደለችም።»

ሁለተኛውን ጉርሻ ለእኔ አዘጋጅታ እጇን ሰደደች። «እንቺ፣ በሞቴ!» አለችኝ። በዙሪያችን ያሉት ፈረንጆች ሹካቸውን አቁመው ያያሉ። ፊቴን አዞርኩ። እጇ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ መልሳ ራሷ ጎረሰችው። በላዩ ላይ ደግሞ ጣፋጭ አመጡላት፤ ላዩ እንደ ብርጭቆ የጠጠረ የተቃጠለ ስኳር፣ ሥሩ ክሬም። እኛ አገር በጥቅምት ጠዋት ኩሬው ላይ የሚጋገረውን በረዶ በተረከዝ እንደምንሰብረው፣ በማንኪያዋ ጀርባ ቀጭ አደረገችው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ከዚያ በኋላ አላቆመችም። በየቀኑ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሳህን፤ እኔ ፊት ለፊቷ በዳቦና በሰላጣ ቅጠል። ጾመኛ ስለነበርኩ ተከብሬ ተቀመጥኩ አልላችሁም። ቀናሁ። ጉሮሮዋ ሲውጥ የእኔም አብሮ ይውጥ ነበር። አንድ ቀን እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ጎንበስ ብዬ ባዶ ሳህኗን አሸተትኩ። ቀና ስል በመስተዋቱ ውስጥ እያየችኝ ነበር።

አገራችን ተመለስን። በማግስቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ አብረን ሄድን። እህቴ በጉልበቷ ወደቀችና እኔ ባለሁበት እንዲህ አለች፦

«አባ፣ ጽጌን ሽረነዋል። ሁለታችንም በልተናል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «እኔ አልበላሁም!» ብዬ ጮኽኩ። «አባ፣ ይህ ምላሴ ይመስክር፣ ዳቦና ቅጠል ነው የበላሁት!»

አባ በአዘኔታ አዩኝ። «ታላቅሽ ያመነችውን አንቺ ትክጃለሽ? መብላቱስ የሥጋ ድካም ነው። ክህደቱ ነው የከፋው» አሉ። ለእሷ በቀን አርባ፣ ለእኔ በቀን ሰማንያ ስግደት፣ ለሰባት ቀን።

ፍረዱ እንግዲህ! የበላችው አርባ፣ ያልበላችው ሰማንያ። ጎን ለጎን ቆመን ስንሰግድ እሷ ጨርሳ ትቀመጣለች፣ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነኝ። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር የዚያ መረቅ ሽታ ይመጣብኛል። ቢያንስ ቀምሼው ቢሆን!

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የፈረንሳይ ወሬ የእሷ ሆነ። በማኅበር፣ በሠርግ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ይከባታል። «ዶሮው ወይን ጠጅ ውስጥ ሰክሮ ይሞታል መሰላችሁ!» ትላለች፤ ሰው በሳቅ ይወድቃል። ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን በላሽ?» ይሉኛል። «ዳቦ።» ስለ ዳቦ ማን መስማት ይፈልጋል? አንድ አገር አብረን ሄደን እሷ ብቻዋን ተመለሰች። እሷም ሁልጊዜ «አብረን በላን እኮ፣ ረስታው ነው» ትላቸዋለች። «አልበላሁም!» ስል ደግሞ ይስቁብኛል። አንዱ ጎረቤታችን «አሁንም ስግደቱን ፈርታ ነው» እስኪል ድረስ።

እኔም አንድም ቀን ብቻዋን ይዤ አልጠየቅኳትም። ለምን? ቂም እንደ ልብስ ሆነብኝ፤ ካወለቅሁት የሚበርደኝ መሰለኝ።

የልጅ ልጄ ዳቦ ነው ያስነሣኝ። የተረፈውን ጠቅልዬ ከምኖርበት ከራቤል ተነሥቼ ዘመሮ ወዳለው እህቴ ቤት በአውቶቡስ ሄድኩ። መንገዱ አጥንቴን ነቃቅሎ ነው ያወረደኝ። እህቴ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ጥርስ የላትም፤ ዓይኗም ደክሟል። ዳቦውን ስሰጣት መጀመሪያ አሸተተችው፤ ሳትጠይቀኝም የየት አገር እንደሆነ አወቀች። እየቆረሰች፣ በድዷ እያላመጠች በላች። እኔም በላሁ። ከዚህች ቅቤ ለመቅመስ ዕድሜዬን ፈጀሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይጣፍጣል።

«እትዬ» አልኳት። «ዛሬ ሳትመልሺልኝ አልሄድም። ያኔ በአባ ፊት፣ ከዚያም ወዲህ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለምን በላች አልሽኝ? እንድቀጣ ነው? ምን አድርጌሽ?»

ማላመጧን አቆመች። ከቀሚሷ ላይ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ለቀመች። እኔም አልተቻኮልኩም፤ ይህን ያህል ዓመት የጠበቅሁ ነኝ።

«ጾም ገደፍኩ ማለት አልከበደኝም» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ሰው ይገድፋል፣ ይሰግዳል፣ ይታረቃል። ታናሽ እህቴ ተርባ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ብቻዬን በላሁ ብዬ ግን በየትኛው አፌ ልናገር?»