አንድ ጥይት የተፈቀደለት ፈረስ

ከላምበረት ወደ ላይ ስትወጡ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ፣ በደርግ ጊዜ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነበር። እኔ የጣቢያው ዘበኛ ነበርኩ። ሥራ ስገባ የተረከብኩት አንድ አሮጌ ምንሽር፣ አንድ ካፖርትና አንድ ዳማ ፈረስ ነው። ያኔ መፈረም ስለማልችል በጣቴ አሻራ ተረከብኩ።

ፈረሱ የመንግሥት ነው። ጠዋት ጠዋት ከታች ከወንዙ ውኃ ያመላልሳል፤ በክረምት ደግሞ ችግኝ ተጭኖ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን። ከኪሴ ፍሩሽካ ስለማይጠፋ ገና ሲያየኝ አፍንጫውን ኪሴ ውስጥ ይከታል። ሚስቴ፣ "ይኼ ካፖርት ፈረስ ፈረስ ይሸታል፣ ውጭ ስቀልልኝ" እያለች ሁልጊዜ እንደተቆጣች ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካና ከኮተቤ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይመጣሉ። የሚያመጣቸው ስለ ወፍና ስለ ዛፍ የተማረ ሰው ነው። ልጆቹ ቲቸር ይሉታል፤ እኛ የጣቢያው ሠራተኞች ግን በሌለበት "ባለወፉ" ነበር የምንለው። የሩቅ ማያ መነጽሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ልጆቹን ዓይናቸውን በሻሽ ያስርና በእጃቸው እየዳበሱ፣ በአፍንጫቸው እያሸተቱ ዛፍ እንዲለዩ ያደርጋል፤ ይኼ ጽድ፣ ይኼ ኮሶ፣ ይኼ ወይራ። የተሳሳተውን ልጅ በዚያው ባልለየው ዛፍ ቅርንጫፍ ባቱን ይገርፈዋል። "አሁን አትረሳውም" ይለዋል። እውነቱን ነው፣ አይረሱም። እኔም ከኋላ ቆሜ እየሰማሁ ስንቱን ወፍ በስሙ አወቅሁ።

"ተፈጥሮ እናታችን ናት የሚላችሁን አትስሙ" ይላቸው ነበር። "ተፈጥሮ ማንንም አታውቅም።"

በዚያ ዓመት ክረምት ለዘመቻ የመጡ ሰዎች ተራራውን በችግኝ ጉድጓድ ሞልተውት ሄዱ። ችግኙ ሳይደርስ ዝናቡ አለፈ፤ ጉድጓዱም እንዳለ ሣር ለበሰ። አንድ ረቡዕ ውኃ ጭነን ስንወጣ የዳማው የፊት ግራ እግር ከአንዱ ጉድጓድ ገባ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ ጭራሮ በጉልበት ሲሰብሩት የሚሰማው ድምፅ ነው።

ፈረስ እግሩ ከተሰበረ አለቀ። አለቃችን መጥቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ባለወፉ ግን በማግስቱ ወሬውን ሰምቶ ዳገቱን እየሮጠ ነው የመጣው።

"ነገ አመሻሽ ላይ ከላይ ካለው ሜዳ ወስደህ ትገድለዋለህ" አለኝ። "ቅዳሜ ጠዋት አርባ ልጅ ይዤ እመጣለሁ። ጥንብ አንሳው ተሰብስቦ እናገኘዋለን። በመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው።"

"መግደል?"

"በጥይት፣ ጆሮው ሥር። አንድ ይበቃል።"

"መምህር፣ ፈረስ እኮ ነው።"

"ፈረስ መሆኑ አልጠፋኝም።"

እኔ ባደግኩበት አገር ፈረስ አይገደልም። ያገለገለ ፈረስ ሲያረጅ ወይ ሲሰበር ጫካ ዳር ትወስደዋለህ፣ ገመዱን ትፈታለታለህ፣ ዞር ብለህ ሳታይ ትመለሳለህ። የቀረው የጅቡ ነው። አንተ እጅ ላይ ደም የለም። አባቴ እንዲያ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ አጎቶቼም እንዲሁ። ጅብ ፈጣን ነው፣ ፈረሱም አያውቀውም ይሉን ነበር። ማናቸውም ግን ቆመው አላዩም።

ይህን ለባለወፉ መንገር አፈርኩ። "የተኩሱ ነገርስ?" ብቻ አልኩት። ያኔ በዚያ ተራራ ላይ ያለ ፈቃድ ጥይት ከጮኸ አብዮት ጥበቃ ከታች ይወጣል። ይዘውት የሄዱት ሰው መቼ እንደሚመለስ ቤተሰቡም አያውቅም፤ መጠየቅም አይደፍርም።

ዓርብ ዕለት ማኅተም ያለው ወረቀት ከቀበሌ ይዞ መጣና አነበበልኝ። አንድ ፈረስ፣ አንድ ጥይት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት፤ ቀለሁ ለቀበሌ ይመለሳል።

"ይኸው" አለኝ፣ "ሰበብህ አለቀ።"

አሥር ሰዓት ላይ ይዤው ወጣሁ። ሜዳው ሩቅ አይደለም፤ ሰው በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። እኛን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በሦስት እግሩ ዘለል ይላል፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራው ደግሞ ይመጣል። እምቢ ብሎ መንገድ ላይ ቢተኛ ምንኛ በቀለለኝ።

ሜዳው ላይ አፈሙዙን ጆሮው ሥር አደረግሁ። ኪሴን ማሽተት ጀመረ። ያለችኝን ፍሩሽካ አበላሁትና የአንገቱን ገመድ ፈታሁለት። ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ወደ ሰማይ ተኮስኩ።

ይሸሻል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሲደነግጥ ወደ እኔ መጣ። ሂድ አልኩት፣ እጄን አወናጨፍኩ። እያነከሰ መጣ። ጠጠር አንሥቼ ወረወርኩበት። አልመለስ ሲለኝ ከፍ ያለ ድንጋይ አነሣሁ፤ ግንባሩን አገኘሁት፤ ያኔ ቆመ። ቀለሁን ለቅሜ ሳልዞር ወረድኩ።

ባለወፉ ጣቢያው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

ቀለሁን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። "ጎበዝ" አለና ወደ ቀበሌው ወረደ። እኔም ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ፣ ደህና አድርጌም ተኛሁ። እጄ ንጹሕ ነው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ልጆቹ እየተንጫጩ መጡ፤ ሰባተኛ ክፍል ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ተከተልኩ። ወሬውን ሰምተዋል።

"ጋሼ፣ በአንድ ጥይት ነው አሉ!" አለኝ አንዱ ወፍራም ልጅ።

"ዒላማ የሚያውቅ እንዲህ ነው" አለ ጓደኛው፣ "ጋሼ፣ ለዚህ ለቁርሱ ትንሽ አልቆረጡለትም?"

ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ቡኒ ሹራብ የለበሰች አንዲት ቀጭን ልጅ ግን ወደ ኋላ ቀርታ አጠገቤ መሄድ ጀመረች።

"ተሠቃየ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አይ፣ የኔ ልጅ። አላወቀውም።"

ደስ አላት። ሮጣ ከፊት ከጓደኞቿ ተቀላቀለች።

ሜዳው ዳር ስንደርስ በዙሪያው ያለው ባሕር ዛፍ በጥንብ አንሳ ጠቁሯል። ባለወፉ እጁን አነሣ፣ ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ አየነው። ዳማው ቆሟል። ከኋላው ተበልቷል። ምን ያህል እንደተበላ አልጽፍም፤ አንጀቱ ግን መሬት እየነካ ነበር። እኔን ሲያይ ጆሮውን አቆመና አሽካካ።

ኋላ ሳስበው ነው የገባኝ። ጅቡ ተኩሴን ሰምቶ ሸሽቶ ኖሯል። ከነጋ በኋላ ደፍሮ ተመልሶ መጣ፤ ገና እንደጀመረ የልጆቹን ጫጫታ ሲሰማ ጥሎት ሄደ።

ባለወፉ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ትናንት ምን ላይ ነው የተኮስከው?" አለኝ።

ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ።

"ሰማዩን ነዋ!" አለ ወፍራሙ ልጅ። ሁለት ሦስቱ ሣቁና ወዲያው ዝም አሉ።

"ይቅርታዎን መምህር፣ አሁን ልጨርሰው" ብዬ ምንሽሬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

አፈሙዙን ያዘው። "በየትኛው ወረቀት? ወረቀቱ አንድ ጥይት ነው የሚለው። ቀለሁን ትናንት ፈርሜ መልሻለሁ፣ ፈረሱ ሞቷል ብዬ። አሁን ብትተኩስ አንተን ብቻ መሰለህ የሚወስዱት?"

ፊቱ ዐመድ መስሏል። እሱም ፈርቷል። ያን ጊዜ ልጆቹን ይዞ ቢመለስ ማንም ምንም አይለውም ነበር። እሱ ግን እኔን ትንሽ አየኝና ወደ ልጆቹ ዞረ።

"ቁጭ በሉ። ደብተር አውጡ።"

"ቲቸር፣ ነፍስ አለው እኮ" አለች ባለ ሹራቧ።

"አይቻለሁ። ቁጭ በዪ።" አርባዎቹ ሣሩ ላይ እስኪቀመጡ ጠበቀ። "እኔ እንዲገደል አዝዤ ነበር። ጅቡ ርቦት ነው፣ አሞራውም ርቦት ነው፤ በነሱ አትፍረዱ። ይህን ያደረገው እዚያ የቆመው ሰውዬ ነው። ለፈረሱ አዝኖለት ነው። እሱንም ጻፉ።"

አርባ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

መጀመሪያ ቁራ መጣ። ጀርባው ላይ ዐረፈ። ዳማው ቆዳውን አርገፈገፈ፣ በጭራው ሊያባርረው ፈለገ፤ ጭራ ግን አልነበረውም። ቁራው ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ራሱ ተራመደ። ያን ጊዜ ጥንብ አንሳዎቹ አንድ በአንድ ከዛፉ እየወረዱ ዙሪያውን ቆሙ። የፊት ጉልበቱ ከዳው፣ ተንበረከከ። ባለወፉ ሰዓቱን እያየ፣ "ስንት ዓይነት ናቸው? ምንቃራቸውን እዩ፣ ማን ለማን ቦታ ይለቃል?" እያለ ይጠይቃል። አንድ ልጅ አስታወከ። "አፍህን ጥረግና ጻፍ" አለው።

ባለ ሹራቧ ተነሥታ እኔ ዘንድ መጣች።

"ጋሼ፣ ይግደሉት። በእናትዎ።"

"ወረቀት የለም፣ የኔ ልጅ።"

"ትናንት ነበር አይደል?"

ምንሽሬን መልሼ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩ።

"መጥረቢያስ የላችሁም?" አለችኝ።

ባለወፉ ሰምቷታል። ሳይዞር፣ "ለመጥረቢያ ወረቀት አያስፈልግም" አለ። "ሂድ አምጣ።"

"ቶሎ ይበሉ!" አለችኝ ልጅቷ፤ ክንዴንም ገፋችው።

ሄድኩ። ከዓይናቸው እስክሰወር ፈጠን አልኩ። ዛፎቹ ውስጥ ስገባ ግን ወደ ወትሮ አካሄዴ ተመለስኩ። ደግሞ እሱም ፈጣን መሰለኝና ዝግ አልኩ። ከኋላዬ የክንፍ ድምፅ ይሰማኛል፤ እየራቅሁ ስሄድ ጠፋ፤ ሲጠፋ ቀለል አለኝ። ጣቢያው ስደርስ ውኃ ጠጣሁ። መጥረቢያው ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ከበሩ ጀርባ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ዕቃ ቤቱን ፈለግሁ፣ ቀጥሎ የሠራተኞቹን ክፍል አየሁ፤ በመጨረሻ ነው ወደ በሩ ጀርባ የሄድኩት። ካነሣሁት በኋላም ስለቱን በአውራ ጣቴ ፈትኜ፣ ደንዟል ብዬ ቁጭ ብዬ ሞረድኩት። ፈረስን ግንባሩን በደንደሱ ነው የሚመቱት፤ ስለት ምንም አያደርግም። ይህን ስሞርድም አውቀዋለሁ። ስመለስ አልቆ ላገኘው ነበር የፈለግሁት።

አልቆ አገኘሁት። ፈረስ የሚባል ነገር አይታይም፤ የሚታየው የአሞራ ክምር ነው። ልጆቹ እየጻፉ ነው። ባለ ሹራቧ ብቻዋን ቆማ መንገዱን ታያለች።

"አለቀ?" አልኳት። ድምፄ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ እሷም የሰማችው ይመስለኛል።

"አሁን ነው" አለችኝ። "አሁን ገና ነው አንገቱን የጣለው። እርስዎ ከዛፎቹ ሲወጡ ቀና ብሎ ነበር።"

"አንቺ!" አለ ባለወፉ። "መጀመሪያ የወረደው የቱ ነው?"

"ቁራው።"

"ከየት ጀመረ?"

"ከዓይኑ።"

"ጎበዝ። ደብተርሽ ላይ አስፍሪው።"

ተቀምጣ ጻፈች። ከእኔ ጋር ሌላ አልተነጋገረችም። ሲወርዱም ከፊት ሆና ነው የወረደችው። ወፍራሙ ልጅ ብቻ ሲያልፈኝ መጥረቢያዬን አየና፣ "ጋሼ፣ ሰልቶልዎታል" አለኝ።

ባለወፉ ለማንም አልከሰሰኝም፤ ቢከስሰኝ እሱም የፈረመበት ነገር አለ። ከዚያ በኋላም ብዙ ቅዳሜ ልጆች ይዞ መጣ፣ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ጡረታ እስክወጣ ፈረስ አልተረከብኩም፤ ውኃውን በሸክም አመላለስኩ።

ያ ሜዳ ዛሬ ሰው የሚዝናናበት ሆኗል። የልጅ ልጆቼ ሲወስዱኝ እስከ ዳሩ ሄጄ እቀመጣለሁ። ሰው ደግ ነህ፣ ለማንም ክፉ አታስብም ይለኛል፤ ልጆቼም ለልጆቻቸው እንዲያ እያሉ ነው የሚነግሯቸው። ከሜዳው እስከ ጣቢያው ሮጬ ብሆን አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ያኔ ገና አርባ ዓመት አልሞላኝም፣ ጉልበቴም ደህና ነበር። መንገዱም ቁልቁለት ነው።