ተማሪ አሻጋሪዋ ሥራነሽ

ሥራነሽ ባዘዘው አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። የይጁቤ ሰው ሲያማት «እናቷ መንገድ ላይ ነው የወለደቻት» ይል ነበር፤ ሐሰት ነው፣ እንደ ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የተወለደችው። ግን ገና በልጅነቷ እንጨት ለቅማ ስትመለስ ሳታርፍ ውኃ ትወርዳለች፤ ማድጋውን ካስቀመጠች በኋላ ደግሞ ጎረቤት ምን እንደተባለ ልትሰማ ትወጣለች። ሮብ ገበያ አጠገብ ለሚኖር ገበሬ ዳሯት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የጮቄን ተራራ እያየች፣ ማዶው ምን እንዳለ እያሰበች ሁለት ክረምት አብራው ከረመች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሁለተኛው ባሏ ደምለው የሲራራ ነጋዴ ነበር። ቡናና ሰም በበቅሎ ጭኖ ወደ ሱዳን ይወርዳል፣ ማግና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። ሥራነሽ አብራው ወረደች። ቆላውን፣ መልካውን፣ ጥሩ ውኃ የሚገኝበትን አወቀች፤ ዓረብኛውን በገበያ ክርክር ለመደችው። በኑሮዋ የተደሰተችው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ በአንዱ ጉዞ ደምለውን ከበላያ በታች ንዳድ ያዘው። አብረው የሚጓዙት ነጋዴዎች ቅፍለት አለቃ ጭነቱን አስጭኖ፣ «እህቴ፣ ቅፍለት ለአንድ ሰው አይቆምም» አላትና መንገዱን ቀጠለ። ባሏ ከአንድ ዛፍ ሥር እጇ ላይ ሞተ። ብቻዋን ቀበረችው።

ከዚያ ወዲህ መቁነጥነጧ የጉጉት መሆኑ ቀረ። ቤት ስትገባ ደረቷን ያፍናታል፤ በደጅ ስትሆን ደግሞ አንድ ነገር ረስታ የመጣች ይመስላታል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ በ1929 ክረምት ደግሞ ጎጃም ሲሸፍት፣ የንግዱ መንገድ ተዘጋ። ሥራነሽ ይጁቤ ተወስና ቀረች። ጠላ ጠምቃ ልትሸጥ ሞከረች፤ ጌሾው ሳይበቃው እየከፈተች ታየዋለች።

በጥቅምት የቅኔው መምህር የኔታ ዋኘው አስጠሯት።

«ሥራነሽ፣ የሱዳንን መንገድ ታውቂዋለሽ ይሉኛል።»

«በበጋ አውቀዋለሁ የኔታ። አሁን ግን ወንዙ አልጎደለም።»

«ጣሊያኖቹ እስኪጎድል የሚጠብቁን አይመስለኝም። ለአርበኛ ደብዳቤ የሚጽፉት ተማሪዎች ናቸው ብለው ሁለቱን ወስደውብኛል። ካርቱም ላይ ለስደተኛ ልጆች ትምህርት ይሰጣል አሉ። የቀሩትን አውጪልኝ። ልጄ ሙላትም ከነሱ ጋር ነው» አሏት።

ሥራነሽ የአደራውን ክብደት ከመመዘኗ በፊት እግሯ ተነሥቶ ነበር።

ከቅኔ ተማሪዎቹ ጋር የሽዋስ የሚባል የከተማ ልጅ ተቀላቀለ። ደብረ ማርቆስ በነበረው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሯል፣ ጥቂት እንግሊዝኛም ይሞክራል። ሥራነሽን ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «አንቺ ነሽ የምትመሪን?» አላት።

«ሌላ የሚመራህ ካገኘህ እሱን ተከተል። እኔ ግን መሄዴ ነው» ብላው ፊቷን አዞረች።

ለቅሶ ደራሽ መስለው ነበር የሚጓዙት። ቡሬ አጠገብ ባንዶች መንገዱን ዘግተው ያዟቸው። አለቃቸው «ማን ሞቶ ነው?» ሲል ሥራነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች፦

ወንድሜ አለፈ፣ እኔንም አሳልፉኝ፣
ከበር አቁማችሁ፣ በቁም አትቅበሩኝ።

ከተማሪዎቹ እንዳላማው የሚባለው ቅኔ ነጋሪ፣ ከለቅሶው ሥር የተደበቀውን «ኬላውን ክፈቱልን» ሰምቶ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ለባንዳው የሚያለቅስ መሰለው። «ተዋቸው፣ ይለፉ» አለ።

ከአገው ምድር አልፈው ቆላ ሲወርዱ ሙቀቱ አዳከማቸው። ሥራነሽ ግን አታሳርፍም። ጥላ ሥር ተቀመጡ ብላ ሳትጨርስ ተነሡ ትላለች። አንዴ መንገድ ስታ ቀኑን ሙሉ በሸንበቆ ውስጥ አዙራቸዋለች። ሙላት ፈዘዝ ያለ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀራል፣ እየዞረች ትጠራዋለች።

ከበላያ በታች እንዳላማው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በማግስቱ መቆም አቃተው። አንድ ጉሙዝ መንደር ውስጥ አንዲት አሮጊት ጎጆዋን ለቀቀችላቸው፤ ዓረብኛ ጥቂት ጥቂት ስለምትሰማ ከሥራነሽ ጋር ተግባቡ። ከሰዓት በኋላ የጣሊያን አውሮፕላን በላያቸው አለፈ። የሽዋስ ሥራነሽን ወደ ጎን ጠራት።

«እዚህ ከቆየን ሁላችንም እናልቃለን። ቅፍለት ለአንድ ሰው አይቆምም የምትሉት እናንተ ነጋዴዎች አይደላችሁም?»

ሥራነሽ ደነገጠች። ቃሉን ከሌላ አፍ ከሰማችው ወዲህ ዓመታት አልፈዋል።

«እንላለን» አለች። «ስለዚህ ቅፍለቱ ይሂድ። የምቆመው እኔ ነኝ።»

የአሮጊቷ ልጅ ዲንደር ወንዝን እስኪሻገሩ ሊመራቸው ተስማማ። ሥራነሽ ተማሪዎቹን ሰብስባ፣ «ውኃው ጸጥ ያለበት ጥልቅ ነው። የሚሻገሩት ድንጋይ ላይ እየጮኸ በሚሄደው ነው። መሪያችሁ ሳይቀድም ማንም እንዳይገባ» አለቻቸው። ሙላት አንገቱን ነቀነቀ። መንደሩን እስኪወጡ ድረስ ቆማ አየቻቸው።

መቆየቱ ከመንገዱ ሁሉ ባሰባት። የበሽተኛውን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፣ አሮጊቷ የምትቀቅለውን መራራ ሥር ታጠጣዋለች፣ ከዚያ ወደ ጅረቱ ትሮጣለች፤ ውኃው ሳያልቅ ሌላ ቅል ሞልታ ትመጣለች። የጎጆውን ደጅ ደጋግማ ትጠርጋለች። አሮጊቷ አይታ አይታ እጇን ያዘችና በግድ አስቀመጠቻት። እንዳላማው ነፍሱ መለስ ሲልለት፣ «እመት፣ ይተዉኝና ይሂዱ፤ ልብዎ ከነሱ ጋር ነው» አላት።

«ልቤ የትም ይሁን። አንተ ጠጣ።»

ትኩሳቱ ሲለቀው አንደኛው ጆሮው መስማት አቆመ። እየተደገፈ መሄድ እንደቻለ ተነሡ። ዲንደርን ሲሻገሩ ውኃው ጎድሎ ነበር፤ የእንግሊዞች ኬላ ደርሰው ሌሎቹን አገኙ። የሽዋስ ከሩቅ አያትና ወደ እሷ መጣ። ሥራነሽ በዓይኗ ትቆጥራቸው ጀመር።

«ሙላትስ?»

«አውሮፕላን መጣብን፣ እመት» አለ የሽዋስ። «መሪያችን ወደ ሣሩ ሮጠ። እኛም ሮጥን። ሙላት ጸጥ ወዳለው ገባ። ጮኼ ነበር… አልሰማኝ እንደሆነ አላውቅም። እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ…»

«የት ቀበራችሁት?»

«አልተገኘም።»

ሥራነሽ ትታው ሄደች። ሰፈሩን እስኪመሽ ድረስ ዞረችው። ከኬላው ሹም ጋር የተነጋገረው የሽዋስ ነው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛው የሁሉንም ስም አስመዘገበና ወደ ካርቱም ተላኩ። እዚያ ትምህርት ጀመሩ። ለሥራነሽ በስደተኞች ማድቤት ሥራ ተገኘላት። እንዳላማው እንድትቀር ለመናት፣ አለቀሰም። እሷ ግን ወጥ እያማሰለች የምታየው የኔታ ዋኘውን ነበር፤ «ልጄ ደርሶልኛል» ብለው ደስ ብሏቸው ይሆናል ስትል ማማሰሉን ትተወዋለች። ወሬው በሌላ አፍ ሳይደርሳቸው ልትነግራቸው ተመለሰች።

የካቲት ላይ ይጁቤ ደረሰች። የኔታ ከጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አዲስ ለመጡ ተማሪዎች ቅኔ ሲነግሩ ከሩቅ አዩዋትና ተማሪዎቹን አሰናበቷቸው።

«የሞተው ማን ነው?» አሉ፤ አንገቷን ደፍታ መምጣቷን ሲያዩ ጠርጥረው ኖሯል።

«ሙላት ነው፣ የኔታ። ውኃ ወሰደው።»

«አብረሽው ነበርሽ?»

«አልነበርኩም። እንዳላማው ታሞ እሱን ሳስታምም ቀረሁ።»

«እንዳላማውስ ዳነ?» አሉ የኔታ።

«ድኗል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና፣ «አሁን ሂጂልኝ። ላይሽ አልችልም» አሏት።

ሉማሜ እህቷ ዘንድ ሄደች። እህል አይዋጥላት፣ እንቅልፍ አይወስዳት፤ የእህቷን ግቢ ስትዞር ሣሩ እንኳ ተረገጠ። ከፋሲካ በፊት አንድ ጠዋት ስልቻና የምርጉዝ በትር የያዙ ተማሪዎች ከደጁ ቆመው አገኘች።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«የኔታ ዋኘው ልከውን ነው» አለ ትልቁ። ሌላ ቃል አልተላከባቸውም።

ሥራነሽ ደጃፉን ይዛ ቆመች። ከዚያ «ዋና የምታውቁ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አንድም አልነበረም። ሱዳን ከመሄዳቸው በፊት ጨሞጋ ወንዝ ወስዳ፣ ልብሳቸውን አስወልቃ፣ የወንዙን ሰው ቀጥራ ዋና አስተማረቻቸው። ከመሃላቸው ዲያቆን የሆኑት በሴት ፊት ነውር ነው ብለው አጉረመረሙ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ከዳር ወዲያ ወዲህ እያለች፣ «ማዶ ሳትደርሱ አልዞርም!» ትላቸው ነበር።

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ተማሪ አሻገረች፤ ከዚያ ወዲያ በውኃ የጠፋባት የለም። ከነጻነት በኋላ የሽዋስ ካርቱም ቀረ፤ እንዳላማው ተመልሶ በአንድ ጆሮው የተማሪዎቹን ቅኔ እያዳመጠ መምህር ሆነ። የኔታ ዋኘውና ሥራነሽ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ይገናኙ ነበር። እሳቸው መስቀል ያሳልሟታል፣ እሷም ትሳለማለች። ስለ ሙላት ዳግመኛ አልተነጋገሩም።