ተርጓሚው ዝም ሲል የሚጀምረው ሙዚቃ

ሙዝ ነጋዴ ከመሆኔ በፊት ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ቆርቆሮ ክዳን፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን። በጠፈር መርከብ የሚዋጉበትን ተከታታይ ፊልም ሳመጣ በሩ ላይ ግፊያ ነበር። ፊልሙ በአማርኛ ተተርጉሞ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰውዬ ለጀግናውም፣ ለጠላቱም፣ ለሴቷም በአንድ ጉሮሮ ይናገራል። የሚያወራ ሰው በሌለበት ቦታ እንኳ «አሁን እየሄዱ ነው» ይላል፤ እያየን። ከሥሩ የሚጫወተው ኦርኬስትራ ምስኪን፣ ሰውዬው ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል።

መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር ሰዉ ይወጣል፣ እኔም አጠፋለሁ። አንድ ቀን ከተራራው የወረደች አንዲት የኦቾሎ ልጅ አልነሳም አለች።

«አለቀ እኮ» አልኳት።

«አላለቀም። ሰውዬው ዝም ሲል ነው የሚጀምረው።»

«የቀረው ስም ነው። የምታውቂው ሰው አለበት?»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ሰማሁ። ቫዮሊኖቹ፣ ዝናብ ከአባያ ሐይቅ በኩል ሲመጣ የኩልፎ ወንዝ ዳሩን ሙዝ ቅጠል እንደሚያንኮሻኩሸው ጀመሩ፤ መለከቱ ከላያቸው ተነሳ፤ ከሥር አንድ ወፍራም ነገር ሁሉንም ተሸከመ።

«ይህን ሁሉ ተጫዋች ማን ይቀልበዋል?» አልኳት።

አልሳቀችም። «እኛም ጋ እንዲህ ነው። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሌላው ከሥር ይይዛል። ለብቻ አይዘፈንም።»

ከዚያ ወዲህ ስሙ ወርዶ እስኪያልቅ አላጠፋም ነበር። ለሙዚቃው ፍቅር ነው ብዬ ለሰው አስወራሁ። በኋላ አገባኋት።

ቪዲዮ ቤቱን ሞባይል ገደለው፤ እኔም ወደ ሙዝ ገባሁ። ባለፈው ዓመት ልጃችን አዲስ አበባ ወለደች፤ ሚስቴ ልታርሳት ሄደች። እስከ ክርስትናው ተባለ። ከዚያ ጥርስ እስኪያወጣ። ከዚያ ልጃችን ሥራ ገባች፣ ሞግዚት ደግሞ አይታመንም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ እሱም በስልክ ስለ ሙዝ የሚጨቃጨቅ።

በቅርቡ ከዚያው ተከታታይ ፊልም አዲስ ክፍል ወጣ። የልጄ ባል ሙዚቃውን ብቻ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ምስል የለው፣ ተርጓሚ የለው። እሁድ ከሰዓት ከፈትኩት። ጥርት ያለ ነው፣ ውሸት አልናገርም። ግን ያ ለፍላፊ ሰውዬ ናፈቀኝ። ሁለት ክፍል ቤቴን ሙዚቃው ለጠጠው፣ ለጠጠው፣ እኔ መሐሉ ላይ ቀረሁ። ከሥር ልይዝ ሞከርኩ፤ ድምፄ ቁልቁለት ላይ የሚጮህ ፍሬን ሆነ። አጥፍቼ ደወልኩላት።

«ሰማሽው?»

«በየቀኑ! ልጁ ያለ እሱ አይተኛም። እኔም አብሬ አንጎራጉርለታለሁ።»

«እኔስ? መቼ ነው የምትመጪው?»

ከኋላዋ ሕፃኑ ይነጫነጫል።

«አንተ ና።»

«ሙዙስ?»

«ሙዝ እዚህም ሞልቷል።»

«የላክሁት እኔ ነኝ እኮ!»

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጄ አባት፣ የምመለስ አይመስለኝም። በከንቱ እንዳትጠብቀኝ ብዬ ነው» አለች።

በማግስቱ ኩልፎ ዳር ሙዙን ጭነን ስንጨርስ የአዲስ አበባው መኪና ሾፌር፣ «ጋሼ፣ ጋቢናው ባዶ ነው። ለምን አብረን አንሄድም? የልጅ ልጅዎን ያያሉ» አለኝ።

በልጄ ሳሎን፣ ሶፋ ጫፍ ላይ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የጠፋው ሙዝ ነጋዴ ታየኝ።

«በሚቀጥለው ጭነት» አልኩት።

እሱም የንግድ ሰው ነው፤ ዕዳ ስንጠየቅ የምንላት ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። አልጨቀጨቀኝም። የጋቢናውን በር ከውጭ ዘጋሁለት።